ስለ ምሥጢር መዝገብ አጠባበቅ

በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ስጦታ፥ የርስት ሽያጭና የውርስ ነገር በብራና መጽሐፍ ጠርዝና በባዶው ቅጠል ላይ እየተጻፈ፥ የምስክሮቹ ስም ከሥሩ ይዘረዘር እንደ ነበረ ሊቃውንቱ በሚገባ ያውቁታል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ለቍስቋም የሰጡት ርስትና ጉልት እንደዚሁ በመጽሐፍ ሰፍሮ ስለ ቆየ፥ ከ200 ዓመት በኋላ የተነሡ መርማሪዎች የከተማይቱን ታሪክ ከእርሱ እያነበቡ ለመጻፍ ቻሉ። ያ ጽሕፈት የተጻፈው እንዲታይ ነበር፤ ያየው ሰው በበዛ መጠን ባለርስቱ ይጸናል፥ ቀማኛውም ያፍራል። ለነፍስ አባት የሚነገረው ኑዛዜ ግን በማናቸውም መጽሐፍ ጠርዝ ላይ አይጻፍም። ሁለቱም በአደራ የተሰጡ ቃሎች ሲሆኑ፥ የአንደኛው ጥበቃ መገለጡ፥ የሁለተኛው ጥበቃ መሰወሩ ነው።

በዚህ ዘመን የመሥሪያ ቤት ሥራ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ስለ ገባ፥ እንዲገለጥ የሚጻፈውና እንዲሰወር የሚጻፈው ነገር በአንድ ሣጥን ውስጥ ተደባልቆ መቀመጥ ጀምሯል። ከዚህም የተነሣ የሚመጣው ጉዳት ምን እንደ ሆነ፥ በታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. ማለት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 መጨረሻ፥ ሚዲያዊኪ በተባለው ሶፍትዌር ላይ የተገኘው ጉድለት በግልጥ ያሳያል። ነገሩ የተሰማው ከሩቅ ቢሆንም ቅሉ፥ ከጎንደር ከተማ እስከ ሰሜን ደጋ ድረስ ላለው ሹምና ካህን የሚመለከተው ብዙ አለበት።

ዊኪ የተባለው ብዙ ሰዎች በየስፍራቸው ሆነው በአንድነት የሚጽፉበትና የሚያርሙበት የኮምፒዩተር መጽሐፍ ነው። ስሙ ከሐዋይ ደሴቶች ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፥ ትርጓሜው ፈጣን ማለት ነው፤ የመጀመሪያውንም ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ በ1987 ዓ.ም. አወጣው። በጥር 1993 ዓ.ም. ዊኪፔዲያ ተመሠረተ፤ በአማርኛም ከ15 ሺህ የሚበልጥ ጽሑፍ ያለው የራሱ ክፍል አለው። ለዊኪፔዲያ ተብሎ የተሠራው ሶፍትዌር ሚዲያዊኪ ይባላል። ይህም ክፍት ምንጭ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ይኸውም የአሠራሩ ጽሕፈት ለሁሉ የተገለጠ፥ ማንም ሰው ያለ ዋጋ ወስዶ በራሱ ኮምፒዩተር ሊተክለው፥ ቢችልም ሊያሻሽለው የተፈቀደ ማለት ነው። በጀቱ ለጠበበ ኮሌጅ ወይም ለዞን ጽሕፈት ቤት፥ በየዓመቱ በውጭ ገንዘብ ኪራይ ሳይከፍል መመሪያውን፥ ቃለ ጉባኤውንና የሥራ ልምዱን በአንድ ስፍራ ለማከማቸት ይህን የመሰለ መሣሪያ ማግኘት ታላቅ ረድኤት ነው።

ሚዲያዊኪ አንድ ጊዜ የተጻፈበትን ቃል በቀላሉ አይጥልም። አንድ ሰው አንቀጹን ቢያርም፥ የቀድሞው አንቀጽ ቁጥር ተሰጥቶት ከኋላ ይቀመጣል፤ እርማቱ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ሽሮ የቀድሞውን ለመመለስ እንዲቻል ነው። ደግሞም መሥሪያ ቤቶች ዊኪውን ለራሳቸው ሠራተኞች ብቻ አድርገው ዘግተው፥ የመግቢያውን ገጽና አንድ ሁለት ማስታወቂያ ለውጭ ሰው ክፍት ለመተው ይችላሉ። ጉድለቱ የተገኘው እነዚህ ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ ነው። የውጭው ሰው የተፈቀደለትን የክፍቱን ገጽ ስም ጠርቶ፥ ከዚያ ጋር ግን የሌላውን የተዘጋውን ገጽ ቁጥር አግብቶ እርማት እንዲሻርለት የጠየቀ እንደ ሆነ፥ ሶፍትዌሩ ቁጥሩ የዚያ ገጽ መሆኑንና አለመሆኑን ሳያመሳክር የተሰወረውን ጽሑፍ አውጥቶ ያሳየው ነበር። ይህም አንድ ዘበኛ ወደ ደጀ ሰላም እሄዳለሁ ያለውን ሁሉ አሳልፎ፥ ከገባ በኋላ ወደ ዕቃ ቤት መታጠፉን እንዳልተመለከተ ያህል ነው። የይለፍ ቃል መስረቅ አላስፈለገም፤ የተሰበረም ቁልፍ አልነበረም።

በዚያው ጊዜ አብረው ከተገኙት ጉድለቶች አንዱ፥ የቀድሞውን ጽሑፍ ለመመለስ በተሠራ በሌላ መንገድ እንደዚሁ የተዘጋውን ያሳይ ነበር። ሌላውም ፈቃድ የሌለው ሰው የአንዱን ገጽ ቃል ወስዶ በሌላው ገጽ ላይ እንዲያሰፍር ያስችል ነበር። ይህ የኋለኛው ከመታየቱ ይልቅ የሚከፋ ነው፤ የታየ መዝገብ ያሳፍራል፥ የተለወጠ መዝገብ ግን ያሳስታል።

ሠሪዎቹ ነገሩን አልደበቁትም። 1.35.5፥ 1.36.3 እና 1.37.1 የተባሉትን የታረሙ እትሞች አውጥተው፥ ጉድለቱ ምን እንደ ነበረ በግልጥ አስታወቁ። ወዲያው ለማሻሻል ላልቻለም ሰው፥ በሶፍትዌሩ የማዘዣ ጽሑፍ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ጨምሮ አደገኞቹን መንገዶች እንዲዘጋ፥ ለውጭ ሰው የተከፈተውንም የገጽ ዝርዝር ባዶ እንዲያደርግ አስተማሩ። ሥራው የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይደለም። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ለቤቱ ባለቤትና ለሌባው በአንድ ቀን ይደርሳል። ከዚያ ቀን በፊት ጉድለቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማንበብ የሚችል ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ያላሻሻለው መሥሪያ ቤት በሩ ክፍት መሆኑ በዐዋጅ የተነገረበት ያህል ነው።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች፥ ያለ ዋጋ የተገኘ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው፥ በገንዘብ የተገዛው ይሻላል ይሉ ይሆናል። አነጋገሩ እውነት የሚመስል ቢሆንም የሆነው ነገር አይደግፈውም። በጥር 2014 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ515 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች መዝገብ በባዕድ እጅ መግባቱን አስታወቀ፤ እነዚህም በጦርነትና በስደት ከቤተ ሰባቸው የተለዩ፥ የጠፉና የታሰሩ ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸውንም የሰበሰቡት ቢያንስ 60 የሚሆኑ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበሮች ናቸው። ሌቦቹ የገቡት በሚሸጥ ሶፍትዌር ላይ በተገኘ ጉድለት ነው። ማስተካከያው አስቀድሞ ወጥቶ ሳለ በጊዜው ሳይደረግ እንደ ቀረ ኮሚቴው ራሱ ገልጧል። እንግዲህ የተከፈለበትም ያልተከፈለበትም እኩል የሚበላሸው፥ ከወጣ በኋላ የሚከታተለው ሰው ሲታጣ ነው።

የዊኪፔዲያ ባለቤት የሆነው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽንም ከዚህ አላመለጠም። በ2013 በፈረንጆች አቆጣጠር፥ በፈቃዳቸው ለሚረዱት ሠራተኞች በከፈተው የመረጃ ማከማቻ ላይ በአሠራር ስሕተት ምክንያት 37 ሺህ ያህል የሚሆኑ ተጠቃሚዎች የኢሜይል አድራሻና ተመስጥሮ የተጻፈ የይለፍ ቃል ለእነዚያ ሠራተኞች ተገልጦ እንደ ነበረ አገኘ። ፋውንዴሽኑ ግን ነገሩን ባወቀ ጊዜ ማከማቻውን ዘጋ፥ የይለፍ ቃላቸውንም እንዲለውጡ አደረገ፥ ለባለቤቶቹና ለሕዝብም ጻፈ። በመሥሪያ ቤት ሥርዓት ይህ የመጨረሻው ሥራ ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ ጉድለትን ያገኘ ሹም ጉድለቱን ሸፍኖ ማስተካከል ይቀለዋል፤ በዚያ መካከል ግን የተነገረበት ሰው ሳያውቅ ይጎዳል።

ከሁሉ በላይ ሊመረመር የሚገባው ግን ሌላ ነው። የሚዲያዊኪ ሠሪዎች በመመሪያቸው፥ ይህ ሶፍትዌር በተቻለ መጠን ክፍት እንዲሆን የተሠራ እንጂ ምሥጢርን ለመጠበቅ የታሰበ እንዳልሆነ አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ። ከጥንቱ የጎንደር ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር፥ ይህ መሣሪያ የምስክር መጽሐፍ ወገን ነው፤ ብዙ ሰው እንዲያየው፥ ብዙ ሰው እንዲያርመው፥ ማን ምን እንደ ለወጠ እንዲታወቅ የተዘጋጀ። ኑዛዜውን በምስክር መጽሐፍ ጠርዝ ላይ የጻፈ ሰው፥ በኋላ መጽሐፉ ተነበበ ብሎ ሊያዝን አይገባውም። የታኅሣሡ ጉድለት ያጋለጠው የሶፍትዌሩን ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ያን መሣሪያ ለማይገባው ሥራ ያዋሉትን ሰዎች ስሕተት ጭምር ነው።

በጎንደርና በሰሜን ደጋ የሚጠበቀው መዝገብ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማስረዳት ዳባትን መመልከት ይበቃል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የሕዝብና የጤና መከታተያ ጣቢያ አቁሞ፥ መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ማን እንደ ተወለደ፥ ማን እንዳገባ፥ ማን ወደ ሌላ አገር እንደ ሄደ፥ ማንም እንደ ሞተ ይጽፋሉ፤ የሞተውም በምን ምክንያት እንደ ሆነ ከቤተ ሰቡ ጠይቀው ያሰፍራሉ። ሐኪም ቤት ደርሶ የማያውቅ ገበሬ በምን እንደሚሞት አገር ሊያውቅ የቻለው እንዲህ ባለ ድካም ነው። ድካሙ የቆመው ደግሞ በአንድ ነገር ላይ ነው፤ የቤቱ እመቤት ለመዝጋቢው እውነቱን ትነግረዋለች። የምትነግረውም ነገሩ ከእርሱ አልፎ ወደ ጎረቤት እንደማይሄድ ስለምታምን ነው።

በታላቅ ከተማ የአንድ ሰው ስም ቢወጣ በብዙ ሺህ ስሞች መካከል ሊሰወር ይችላል። በደጋው ግን እንዲህ አይደለም። በደባርቅ ወይም በዳባት ገበያ የአንዲት ሴት ስም ከአባቷ ስምና ከቀበሌዋ ጋር ከተጻፈ፥ ሌላ ምልክት አያስፈልግም፤ የሰማው ሁሉ ያውቃታል። ስሟ ባይጻፍ እንኳ ዕድሜዋ፥ ያገባችበት ዓመትና የልጆቿ ቍጥር በአንድ ቀበሌ ውስጥ ይለያታል። እንዲህ ያለችው ሴት የኤች አይ ቪ ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የምትወስድ ብትሆንና ነገሩ ቢገለጥ፥ ትዳሯ ይፈርስ ይሆናል፤ ከሁሉ የሚብሰውም መድኃኒቱን ለመውሰድ ዳግመኛ ወደ ጤና ጣቢያው አለመመለሷ ነው። እርስዋ ከቀረች ደግሞ ነገሩን የሰሙ ሌሎች አሥር ሴቶች ከመጀመሪያውም አይመጡም። በዚያው በዳባት አቅራቢያ በአለምዋጭ ለተጠለሉት የኤርትራ ስደተኞች የስም ዝርዝር መውጣት ከትዳርም አልፎ የነፍስ ነገር ነው፤ አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው እዚያ የቀሩ ወላጆች አሉትና።

ካህናቱም ይህ የሐኪምና የጸሐፊ ነገር ነው ብለው ሊተዉት አይገባም። የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ እያነሡ በኮምፒዩተር ማስቀመጥ መልካም ሥራ ነው፤ እሳትና ብል የሚያጠፋውን ያድናል፥ የሩቁንም ሊቅ ያስነብባል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው መካከል ስለሚገኙ፥ ጎንደር የመጻሕፍትን መጥፋት ለማወቅ አስተማሪ አያሻትም። ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ቃል አንድ ነገር፥ የመጽሐፉ መቀመጫ ሌላ ነገር ነው። የንዋየ ቅድሳቱ ዝርዝር ከነሥዕሉ፥ በየትኛው ዕቃ ቤት እንዳለ፥ ዘበኛ እንዳለውና እንደሌለው፥ ቁልፉንም ማን እንደሚይዝ በአንድ ዊኪ ላይ ተጽፎ ከተገኘ፥ ለመስቀልና ለመጽሐፍ ሌባ ከዚህ የተሻለ መንገድ መሪ የለም። ቃሉን ገልጦ ስፍራውን መሰወር ለአለቃውም ለገበዙም አዲስ ትምህርት አይደለም።

አሁን ያለው ችግር ከተንኰል ይልቅ ከቸልታ የሚመጣ ነው። በብዙ ስፍራ ሰርቨሩን የሚተክለው አንድ ብርቱ ወጣት ነው፤ እርሱም ሲዛወር ወይም ሌላ እንጀራ ሲያገኝ ይሄዳል፥ ሶፍትዌሩም በተተከለበት ቀን እትም ላይ ቆሞ ይቀራል። የሚተካው ሰው ሥራው ስላልተጻፈለት አይነካውም፤ ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው እየተባለ ዓመት ያልፋል። አንድ የመንግሥት መኪና ዘይቱ ሳይለወጥ ሁለት ዓመት ቢሄድ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ሰርቨር ሳይሻሻል አምስት ዓመት ቢቆይ ግን የሚጠየቅ የለም። እንዲያውም በአንዳንድ ቢሮ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ በኮምፒዩተሩ ግንባር ላይ ተለጥፎ ስለሚታይ፥ በዚያ ቤት ስለ ሩቅ አገር ሌባ መናገር ያስቃል።

የመስመርም ነገር አለበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መስመር የሌለው ሰርቨር ከውጭ አይደፈርም፤ ነገር ግን ማስተካከያም አይደርሰውም። መስመሩ በተመለሰበት ሰዓት፥ በዚያ ሁሉ ጊዜ በዓለም የታወቀውን ጉድለት ሁሉ እንደ ያዘ ብቅ ይላል። ስለዚህ ከረጅም መቋረጥ በኋላ የሚገናኝ መሥሪያ ቤት፥ አስቀድሞ ማሻሻያውን በሌላ መንገድ አስመጥቶ ከተከለ በኋላ ለሕዝብ ቢከፍት ይሻላል እንጂ፥ በደስታ ተቻኩሎ በሩን መክፈት አይገባውም።

ሕጉ አልዘገየም። የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን ጤና የሚመለከት ጽሑፍ ከሌላው ለይቶ ጥብቅ ጥበቃ እንዲደረግለት ያዛል፤ የተጣሰም እንደ ሆነ መዝገቡን የያዘው ክፍል እንዲያስታውቅ ያስገድዳል፤ ተቈጣጣሪነቱንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ የሚገባውን ይቀጣል። ነገር ግን ዐዋጅ የሚቀጣው ከሆነ በኋላ ነው፤ ከገበያ ላይ የተሰማን ስም ዳኛ ሊመልሰው አይችልም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፥ ሥራው በየቢሮው ካለው ሹም ይጀምራል።

ሹሙም ኮምፒዩተር ማወቅ አያስፈልገውም። ሊጠይቅ የሚችለው ጥያቄ የማንኛውም ጠንቃቃ ባለመዝገብ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ዊኪ ላይ የተጻፈው ምን ምን ነው፥ የሰው ስምና ሕመም ካለበትስ ለምን እዚህ ተጻፈ፥ ሶፍትዌሩ የስንተኛው እትም ነው፥ መጨረሻ የተሻሻለው መቼ ነው፥ ያሻሻለው ማን ነው፥ እርሱ ቢታመም የሚተካው ማን ነው። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀብሎ በእርሱ ማኅተም ቢያስቀምጥ፥ የሚጠየቅ ሰው ተገኘ ማለት ነው። የሰው ምሥጢር ያለበት ገጽ ከተገኘም መሰረዙ ብቻ አይበቃም፤ ከላይ እንደ ተነገረው ዊኪ የሻሩትን ከኋላ ያስቀምጣልና፥ የቀድሞዎቹ ቁጥሮች ጭምር ከማከማቻው ፈጽመው መጥፋታቸው ሊረጋገጥ ይገባል። ይህን የማያውቁ ብዙ ሰዎች ገጹ ባዶ ሆኖ ስላዩት ብቻ ነገሩ የጠፋ ይመስላቸዋል።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው ከሩቅ መፈለግ አያሻም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፥ ዛሬ የጤና መረጃ አያያዝን ከኮምፒዩተር ትምህርት ጋር አጣምሮ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ለሥራ ልምምድ ሲወጡ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ደባርቅ፥ ወደ ዳባት፥ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ ቢላኩ፥ የእያንዳንዱን ጤና ጣቢያና ጽሕፈት ቤት ሰርቨር የእትም ቁጥር ጽፈው ቢመለሱ፥ ያረጀውን አሻሽለው፥ አሻሽል የሚለውን የሥራ ድርሻ ለአንድ የታወቀ ሠራተኛ በፊርማ አስረክበው ቢመጡ፥ ወጪው የመንገድና የስንቅ ብቻ ነው። የዞኑ አስተዳደርና ዩኒቨርሲቲው በዚህ ነገር ተነጋግረው፥ ክረምቱ ገብቶ የደጋው መንገድ ሳይከብድ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ቢያሰናዱ መልካም ይሆናል።